«ጊታሩ የለም» ያልሁት እኔ ነኝ

ስለ ሙዚቃ አስተያየት መስጠት ማንም አላስተማረኝም። ስድስተኛ ክፍልን ጨርሼ ከቆጋ ገጠር ወደ ባሕር ዳር የመጣሁት በሰው ቤት ለመሥራት ነው። ሰው ፊት ስናገር አፌ ይተሳሰርብኛል፤ ሱቅ ሄጄ እንኳ ባለሱቁ «ምን ልስጥሽ?» ሲለኝ መጀመሪያ መሬት መሬት አያለሁ። ሆኖም ስለ አንድ አልበም የከተማው ሰው ሲቀባበለው የከረመውን ቃል የተናገርሁት እኔ ነኝ። ቃሉ ስሕተት ነበር። ስሕተት መሆኑን ካወቅሁ በኋላም ሦስት ቅዳሜ ዝም ብያለሁ። ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈው አብዛኛው የሚያሳፍረኝ ነገር ነው።

የምሠራበት ቤት ከሐይቁ ብዙም አይርቅም። እትዬ የምላቸው የቤቱ እመቤት በአንድ ሬዲዮ ጣቢያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የኪነ ጥበብ ዝግጅት ያቀርባሉ። ከሌላ ከተማ በሥራ የመጡ ናቸው፤ የእኛን አነጋገር እየሰሙ ይስቃሉ እንጂ ክፉ ሰው አይደሉም። ሥራ እየሠራሁ ሙዚቃ እንድሰማ ፈቅደውልኛል። ያስጠነቀቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ስጠራሽ ሦስቴ እንዳታስጮኺኝ» አሉኝ። ስለዚህ የጆሮ ማዳመጫዬን አንዱን ጫፍ ብቻ ቀኝ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ በሻሼ እሸፍነዋለሁ፤ ሌላውን ጫፍ በቀሚሴ አንገት ወደ ውስጥ እለቀዋለሁ። ግራ ጆሮዬ የእትዬ ነው። በሰው ቤት የሚሠሩ የማውቃቸው ልጆች ሁሉ የሚያደርጉት እንዲሁ ነው።

አልበሙን ያወጣው ባንድ ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል። ሮክ የሚባለውን ሙዚቃ በአማርኛ የሚጫወቱ አምስት ሰዎች ናቸው፤ ወጣት ሳሉ ሐይቁ ዳር ባሉት ሆቴሎች ይጫወቱ ነበር። እኔ ያወቅኋቸው ግን በድንች መኪና ነው። ልጅ ሳለሁ ቆጋ ከመስኖው ማሳ ድንች የሚጭን አይሱዙ ይመጣ ነበር። ሾፌሩ ጆንያው ተጭኖ እስኪያልቅ በሩን ከፍቶ የእነሱን ዘፈን ያሰማል። ግጥሙ አይገባኝም ነበር። ጊታሩ ግን ሰው ተቆጥቶ ተቆጥቶ መጨረሻ ላይ የሚያለቅስ ይመስለኝና ሥራዬን ትቼ ከመኪናው ጎማ አጠገብ እቆም ነበር።

ባንዱ ለብዙ ዓመት ዝም አለ። ጊታሪስቱ እጃቸውን አሟቸዋል፣ ይንቀጠቀጥባቸዋል ተብሎ ተወራ። ከዚያ ሳይታሰብ አዲስ አልበም አወጡ። በሰው ሁሉ አፍ ላይ የነበረው ጥያቄ አንድ ነበር፦ ሰውዬው አሁንም ይጫወታሉ ወይ? አልበሙን ስልኬ ላይ አስጭኜ አንድ ሳምንት ሙሉ ልብስ ሳጥብም፣ ወለል ስወለውልም ሰማሁት። ያንን ጊታር እየጠበቅሁ ነበር። ዘፋኙ አለ፣ ከበሮው አለ፣ ኪቦርዱ አለ። ጊታሩን አጣሁት።

በዚያው ሳምንት እትዬ ስለ አልበሙ ውይይት አዘጋጁ። ጣቢያው እየታደሰ ስለነበር የቀረጹት ቤት ውስጥ፣ ሳሎን ነው። ሁለት እንግዶች መጡ። አንዱ ኮሌጅ ሙዚቃ የሚያስተምሩ መምህር ናቸው፤ ሌላው በማኅበራዊ ሚዲያ ስለ ዘፈን የሚጽፍ ወጣት ነው። ሻይ ሳቀርብ መቅጃው ተከፍቶ ነበር።

«አልበሙ ብስለት ይታይበታል» አሉ መምህሩ።

«ብስለት ሲሉ?» አሉ እትዬ።

«እንግዲህ … ዕድሜም አለ፣ ልምድም አለ።»

ወጣቱ ሳቀ። «መምህር፣ ሰምተውታል ግን?»

«አንተስ ሰምተኸዋል?»

«መኪና ውስጥ ጀምሬው ነበር።»

«ይሄን እቆርጠዋለሁ» አሉ እትዬ። ከዚያ ሻይ እየቀዳሁ ሳለ ወደ እኔ ዞሩ። «ይልቅ አልበሙን አንድ ሳምንት ሙሉ የሰማች ሰው እቺውላችሁ። ወለል እየወለወለች ስታዜመው ነው የከረመችው። እስቲ አንቺ ንገሪን፤ እንዴት አገኘሽው?»

ሁለቱም አዩኝ። ፔርሙሱን ይዤ ቆምሁ። ሌላ ቀን ቢሆን «ጥሩ ነው» ብዬ ወጥቼ እሄድ ነበር። ግን ስለዚያ ጊታር ሳምንቱን ሙሉ ቅር ብሎኝ ነበርና ሳላስበው ወጣ።

«ጊታሩ የለም» አልሁ። «ድሮ ጊታሩ ነበር የሚናገረው። አሁን ዘፋኙ ብቻውን ቀርቷል። ሰውዬው ቤታቸው የተቀመጡ ይመስላል።»

መምህሩ የሻይ ማንኪያቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡና «ልክ ናት» አሉ። «እኔም አንድ ነገር ጎድሎ ተሰምቶኝ ነበር። እሱ ነው።»

«እኔም ልለው ነበር» አለ ወጣቱ።

«መኪና ውስጥ ጀምረኸው?» አሉት መምህሩ። ተሳሳቁ። ከዚያ በኋላ ውይይቱ ሁሉ ስለጠፋው ጊታር ሆነ።

ቅዳሜ ዝግጅቱ ሲተላለፍ ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት እየላጥሁ ሰማሁት። እትዬ የእኔን ድምፅ መጀመሪያ ላይ አስገብተውታል። ከድምፄ ሥር ከአልበሙ አንዱን ዘፈን ዝቅ አድርገው አጫውተውበታል። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ያን ቀን ጊታር ሰምቻለሁ። ቀጭን፣ ቀስ ያለ፣ ከድምፄ ኋላ ኋላ የሚሄድ። የሌላ ዘፈን ይሆናል ብዬ አለፍሁት። እውነቱን ለመናገር የማዳምጠው ጊታሩን አልነበረም፤ ራሴን ነበር። እኔ እንደዚያ የምናገር አይመስለኝም ነበር።

በሳምንቱ ቃሉ ከተማውን ዞረ። ወጣቱ «የቤት ሠራተኛዋ የሰማችውን እኛ አልሰማንም» ብሎ ጻፈ። መምህሩ አንድ ገጽ ሙሉ ትንታኔ አወጡ፤ የጊታሩ መጥፋት የአንድ ትውልድ መድከም ምልክት ነው አሉ። ገበያ ስሄድ ባጃጅ ውስጥ ዘፈኑ ተከፍቶ አንዲት ሴትዮ ለሾፌሩ «ጥሩ ነበር፤ ጊታሩ ግን የለም» ስትለው ሰማሁ። ጊታሩ እኮ እዚያው ባጃጁ ውስጥ ይጫወት ነበር። አሁን ሳስበው ሴትዮዋም፣ ሾፌሩም፣ እኔም የምንሰማው የተባለውን እንጂ የሚጫወተውን አልነበረም።

እትዬ በጣም ተደሰቱ። በየቅዳሜው አምስት ደቂቃ ሰጡኝ። «የጓዳ ጆሮ» የሚል ስም አወጡለት፤ አንድ አዲስ ዘፈን ሰምቼ የመሰለኝን እናገራለሁ። እናቴ ከቆጋ አስደውላ «ጎረቤቱ ሁሉ እኛ ቤት ተሰብስቦ ሰማሽ» አለችኝ። እናቴ በእኔ ነገር ጎረቤት ሰብስባ አታውቅም ነበር።

የመጀመሪያውን «የጓዳ ጆሮ» ከመቅረጻችን በፊት፣ ማክሰኞ ቀን፣ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ሰማያዊ ኮት የለበሱ ረጅም ሽማግሌ ቆመዋል። እትዬ ለቃለ መጠይቅ የጠሯቸው ጊታሪስቱ ነበሩ። እትዬ ደግሞ ስብሰባ ይዟቸው ዘግይተዋል። ሳሎን አስገብቼ ሻይ አቀረብሁላቸው። ሻዩን በሁለት እጃቸው ያዙት፤ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፣ ግን አልፈሰሰም።

«ሬዲዮ ላይ የሰማሁሽ አንቺ ነሽ?» አሉኝ።

መሬት መሬት አየሁ።

«አይዞሽ፣ ልቆጣሽ አልመጣሁም። ልጠይቅሽ ብዬ ነው። ከየትኛው ዘፈን ነው ጊታሩ የጠፋብሽ?»

«ከሁሉም» አልሁ።

«ከሁሉም?» ብርጭቆውን አስቀመጡ። «ልጄ፣ እኔ እዚያ ስቱዲዮ ሁለት ወር ተቀምጫለሁ። ዶክተሩ አትጫወት ብሎኝ ነው የተጫወትሁት። መጥፎ ነው ብትይ እቀበላለሁ። የለም ግን እንዴት ይሆናል? እስቲ በምንድን ነው የሰማሽው?»

ስልኬን ከኪሴ አወጣሁ። የማዳመጫው ገመድም ከሻሼ ሥር አብሮ ተሳበ። ጊታሪስቱ ገመዱን በዓይናቸው ተከተሉት፤ አንዱ ጫፍ ቀኝ ጆሮዬ ላይ፣ ሌላው አንገቴ ሥር።

«ይሄኛው ተበላሽቷል?»

«አልተበላሸም ጋሼ። እትዬ ሲጠሩኝ እንድሰማ ብዬ ነው።»

«ሁልጊዜ እንደዚህ ነው የምትሰሚ?»

«ሁልጊዜ።»

ሌላውን ጫፍ ከአንገቴ ሥር እንዳወጣው በእጃቸው አሳዩኝ። ከዚያ «ሁለቱንም አድርጊያቸው» አሉ።

አደረግሁ። አንድ ሳምንት ሙሉ ሳዜመው የከረምሁትን ዘፈን ነገርኋቸውና ከፈቱልኝ። ጊታሩ በግራ በኩል ነበር። እንደ ድሮው አይቆጣም። አንድ ድምፅ ይመታና ይጠብቃል፤ ዘፋኙ እስኪጨርስ ታግሶ እንደገና አንድ ይመታል። ብዙ ያየ ሰው ቀስ ብሎ እንደሚያወራው ነበር። ለመስማት ደስ የሚል ነገር ነበር፤ እኔ ግን መጨረሻውን አልጠበቅሁም፤ ከጆሮዬ ላይ አወጣሁት።

«የቀረጸን ልጅ ነው እንዲህ ያደረገው» አሉኝ። «ሰሚው ከመድረክ ፊት የቆመ እንዲመስለው እኔን በግራ፣ ኪቦርዱን በቀኝ አስቀመጠን። አብዛኛው ዘፈን እንደዚያ ነው። አንቺ ግማሹን ነው የሰማሽ።»

«እኔ አላወቅሁም» አልሁ።

«ከየት ታውቂያለሽ።» ትንሽ ሳቅ አሉ፤ ወዲያው ሳቃቸው ጠፋ። «ነገሩ እንዲህ ነው። ሐይቁ ዳር ኮንሰርት አለን። አዘጋጁ ድሮም የእጄን ወሬ ሰምቷል፤ አሁን ደግሞ ሬዲዮ ጊታሩ የለም ሲል፣ ከአዲስ አበባ ወጣት ጊታሪስት ላምጣ ብሎ ይዟል። ጓደኞቼም ዝም ብለዋል። እኔ አለሁ ብል ሰበብ ይመስላል፤ ለእመቤትሽም ብነግራቸው ልለምናቸው የመጣሁ ይመስላቸዋል። አንቺ ብትናገሪ ግን ያልሽው አንቺ ነሽና ሰው ይሰማሻል።»

«እናገራለሁ ጋሼ።»

«ቅዳሜ?»

«ቅዳሜ።»

እትዬ ደውለው መምጣት እንደማይችሉ ነገሩኝ፤ ቃለ መጠይቁ ሌላ ቀን ይሁን አሉ፤ ኋላ ግን ሳይሆን ቀረ። ጊታሪስቱ ሻያቸውን ጨርሰው፣ አመስግነውኝ ወጡ። ያመሰገኑኝ ነገር እስከ ዛሬ ይከብደኛል።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ዋዜማ ልነግራቸው ወደ ሳሎን ስገባ እትዬ በስልክ ይስቁ ነበር። አለቃቸው ዝግጅቱን ሰው ፊት አመስግኖላቸዋል። ስልኩን ዘግተው «አንቺ ልጅ፣ ስሜን አስጠራሽው» አሉኝ። ከዚህ በኋላ ነገ እነግራቸዋለሁ አልሁ። በሁለተኛው ቅዳሜ የእናቴን ጎረቤቶች አሰብሁ። በሦስተኛው «እትዬ፣ ያ የባንዱ ጊታር …» ብዬ ጀመርሁ።

«ምን ሆነ?»

«ምንም» አልሁ።

ለራሴ ስሰጠው የነበረው ምክንያት ዓይን አፋር ነኝ የሚል ነበር። ግን በእነዚያ ሦስት ቅዳሜዎች ሦስት ዘፋኞችን በሬዲዮ ተችቻለሁ። አንዷን «የምትዘፍነው እያዛጋች ነው» ብያታለሁ፤ እትዬ ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። ስለ ሰው ለመናገር አፌ አልተሳሰረም። የተሳሰረው ስለ ራሴ ስሕተት ለመናገር ብቻ ነው። ዘፈኖቹንም በሁለት ጆሮ ነበር የምሰማቸው፤ ማታ ሥራ ስጨርስ በሬን ዘግቼ። እንግዲህ ጊታሪስቱ ያስተማሩኝን ተጠቀምሁበት፤ ለእሳቸው ግን አልተናገርሁላቸውም።

ኮንሰርቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። እትዬ የመቅጃ ቦርሳቸውን አስይዘው ወሰዱኝ። ሐይቁ ዳር ከዘንባባዎቹ ሥር መድረክ ተሠርቷል። ሰው ገና እየገባ ነበር። እትዬ አዘጋጁን ሊያናግሩ ሲሄዱ እኔ ከመድረኩ ኋላ ዞርሁ። ወጣቱ ጊታሪስት ቆዳ ጃኬት ለብሶ መሐል ላይ መሣሪያውን ይሞክራል። ሽማግሌው ጊታሪስት ግን ጥግ ላይ፣ የድምፅ ማጉያው ኋላ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠው የጊታራቸውን ክር ያጠባብቃሉ። ጎንበስ ብዬ ቆምሁ።

«ጋሼ፣ አልተናገርሁም» አልኋቸው።

«አውቃለሁ» አሉ ቀና ሳይሉ። «ቅዳሜ ቅዳሜ እሰማሻለሁ።»



«ደህና አድርገሽ ትናገሪያለሽ» አሉ። «ድንጋጤው ለቆሻል።» አንዷን ክር መታ አድርገው ጆሯቸውን ጣሉባት። ከዚያ በላይ አላወሩኝም።

ሲጀምሩ ወጣቱ ፊት ላይ ወጣ። ይዘላል፣ ይንበረከካል፣ ጸጉሩን ይነቀንቃል። ደግሞም ይችልበታል፤ አልዋሽም። ግን ያ ዘፈን ሲመጣ፣ ያ የሚመታና የሚጠብቀው ድምፅ፣ ከእሱ ጣት እንዳልሆነ አየሁ። ወጣቱ በዚያን ጊዜ እጁን ወደ ላይ አንሥቶ ሰዉን እያስጨበጨበ ነበር። የሚጫወቱት ጥግ ላይ ያሉት ናቸው። ከማጉያው ኋላ ስለሆኑ እጃቸው ለሰዉ አይታይም።

ከፊቴ ሦስት ወጣቶች ቆመው ነበር። አንዱ «አየህ፣ ልጁ ጊታሩን መለሰው» አለ።

«ሽማግሌውማ ወንበር ሊያሞቅ ነው የመጣው» አለ ሌላው።

ከጀርባቸው ሆኜ «እሳቸው ናቸው የሚጫወቱት» አልሁ። አልሰሙኝም። ጠጋ ብዬ ደገምሁት።

የመጀመሪያው ዞር አለ። «ማነው የሚጫወተው?»

«ጥግ ላይ ያሉት። የልጁ እጅ እኮ አየር ላይ ነው፤ እየው።»

«ሬዲዮ አልሰማሽም እንዴ? ጊታሩ የለም ተብሏል።»

«እሱን ያልሁት እኔ ነኝ» አልሁ። «በአንድ ጆሮ ብቻ ሰምቼ ነው። ተሳስቻለሁ።»

ሦስቱም አዩኝ፤ ከዚያ ተያይተው ሳቁ። «ሂጂ እባክሽ» አለ ሁለተኛው። «የጓዳ ጆሮ ምላሷ ምላጭ ነው። አንቺ ጫማዬን እያየሽ ነው የምታወሪኝ።»

ሦስተኛው «ተዋት፣ ሁሉም እኔ ነኝ ይላል» አለው። ወደ መድረኩ ዞሩ። ዘፈኑ አለቀና ሰው ሁሉ ለወጣቱ አጨበጨበ። እሱም ጎንበስ ብሎ አመሰገነ።

ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ ለእትዬ ሁሉንም ነገርኋቸው። ቤታችን መታጠፊያ ላይ ስንደርስ ፍጥነት ቀነሱ።

«እስካሁን ለምን ዝም አልሽ?» አሉኝ በመጨረሻ። «ፈርተሽኝ ነው?»

«ወድጄው ነው» አልሁ።

«ምኑን?»

«መናገሩን።»

መኪናውን አቆሙ። «እኔም ሙሉውን አልሰማሁትም ነበር» አሉ። «ሁለት ዘፈን ሰምቼ ነው ውይይት የመራሁት።» ይህን ሲሉ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እንዳለ ተናገርሁት፤ ማዳመጫውን፣ ሻሹን፣ ማክሰኞውን፣ ሦስቱን ሳምንት። እትዬ ምንም ሳይቆርጡ አስተላለፉት። ሰው ሳቀ። ወጣቱ ጸሐፊ ሦስት የሚስቁ ፊቶች ለጠፈበት። መምህሩ ትንታኔያቸውን አላነሡም፤ ቁም ነገሩ ያው ነው ብለዋል አሉ። ባንዱ ለሌሎች ከተሞች ጉዞ የተዋዋለው ከወጣቱ ጊታሪስት ጋር ነበር፤ ውሉም በዚያው ጸና። «የጓዳ ጆሮ» ግን በእኔ ጥያቄ ቀረ።

ማክሰኞ እትዬ ለጊታሪስቱ ደወሉ። እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍ አደረጉት። ከሰላምታ በኋላ «የቅዳሜውን ዝግጅት ሰሙት?» ብለው ጠየቋቸው።

«አልሰማሁም» አሉ። «ከኮንሰርቱ ወዲህ ሬዲዮ አልከፍትም። ለጎረቤት ሰጥቼዋለሁ።»

እትዬ ስልኩን ዘረጉልኝ። እጄን በቀሚሴ ጠርጌ ተቀበልሁ።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ» አልሁ። «ተናግሬዋለሁ። ሁሉንም።»

ከኋላቸው የልጆች ጫጫታ ይሰማ ነበር።

«እሺ ልጄ» አሉ። «ደህና ዋይ።»

ስልኩ ተዘጋ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ» ያልሁት ከተዘጋ በኋላ ነው። እትዬም ሰምተውኛል፤ ስልኩን ከእጄ ወስደው እንደገና ልደውል ወይ ብለው ጠየቁኝ። አንገቴን ነቀነቅሁ፤ አይሆንም ለማለት።